ሕመም ስለሌለው ድኗል? ከኤሲኤል ኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ሬስሊንግ ስለመመለስ

ጥያቄ፦ "የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ገብቷል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሬስሊንግ (ትግል) ይጫወታል። ባለፈው ፌብሩዋሪ ግጥሚያ ላይ ጉልበቱ ዞረበትና ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተበጥሷል ተባለ። ማርች አጋማሽ ላይ ኦፕራሲዮን ተደረገ። አሁን ስድስት ወር ሆኖታል። አያመውም፣ ይሮጣል፣ ፊዚዮቴራፒውንም 'ጨርሻለሁ' ብሎ ትቶታል። ኖቬምበር ላይ ሲዝኑ ሲጀምር ልመለስ ይላል። ይባስ ብሎ ከ157 ፓውንድ የክብደት ምድብ ወደ 144 መውረድ አምሮታል። 'እዚያ ማንም አይችለኝም፤ ስኮላርሺፕ የማገኘውም በዚህ ዓመት ብቻ ነው' ባይ ነው። ማታ ማታ በላስቲክ ልብስ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። አባቱ ጨርሶ ይተወው ይላሉ። እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ጉልበቱ ድኗል ማለት ይቻላል? ክብደት መቀነሱስ ይጎዳዋል? እንዲህ ተጎድቶ ትልቅ ደረጃ የደረሰ ሰው አለ?"

ምላሽ፦ ጉልበቱ ገና አልዳነም። ኖቬምበር ላይ መወዳደር የለበትም። ወደ 144 ፓውንድ የመውረዱ ሐሳብም መቅረት አለበት፤ እንኳን ኦፕራሲዮን ላደረገ፣ ለጤነኛ ልጅም አይመከርም። በሌላ በኩል፣ አባቱ እንዳሉት ሬስሊንጉን ጨርሶ የሚያስተው ምክንያት በጻፉልኝ ውስጥ አላየሁም።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ። ኤሲኤል ሲበጠስ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰውን መልሶ አይሰፋውም። ከልጁ ከራሱ ሰውነት ሌላ ጅማት ይወስዳል፤ ከጉልበት ሎሚው ሥር፣ ከጭን ኋላ ወይም ከጭን ፊት። ከዚያ አጥንቱን በስቶ ይተክለዋል። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ ላይ ደም የሚያደርስለት የደም ሥር የለውም። ሰውነት የደም ሥር ሊያበቅልለት፣ ከአጥንቱ ጋር ሊያዋህደው፣ ውስጡንም እንደ አዲስ ሊሠራው ይገባል። በዚህ ሂደት መሃል ጅማቱ ከተተከለበት ቀን ይልቅ የሚደክምበት ጊዜ አለ። ሙሉ በሙሉ እስኪጠና ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እብጠቱና ሕመሙ ግን በጥቂት ወራት ይጠፋሉ። ስለዚህ ልጅዎ "አያመኝም" ሲል እውነቱን ነው። አለማመሙ ግን ስለ ጅማቱ ጥንካሬ ምንም አይነግረንም። ሶሌታ ላዩ ደረቀ ተብሎ ድጋፉ አይነሳም።

ቁጥሮቹን ልንገርዎ፤ ልጅዎም ቢሰማቸው ጥሩ ነው። ኤሲኤል ኦፕራሲዮን አድርገው ወደ ስፖርት ከሚመለሱ ከ25 ዓመት በታች ወጣቶች መካከል ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ገደማ እንደገና ይበጠስበታል፤ ወይ ያው ጉልበት፣ ወይ ጤነኛው። እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ደግሞ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ እንደገና የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ልጅዎ ከማርች አጋማሽ ሲቆጠር ዘጠኝ ወር የሚሞላው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ነው። ያ ቀን ደግሞ የመመለሻ ፈቃድ አይደለም። ከእሱ በፊት ጨርሶ አይታሰብም ማለት ብቻ ነው።

"ይሮጣል" ብለውኛል። ቀጥ ብሎ መሮጥ ኤሲኤልን ብዙም አይፈትነውም። ይህ ጅማት የሚፈተነው እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር፣ በድንገት ሲቆም፣ ከጎን ሲገፋ ነው። ሬስሊንግ ደግሞ ከሌሎች ስፖርቶች የሚለየው ጉልበቱን የሚያዞርበት ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ተጋጣሚው አንድ እግሩን ጨምድዶ ይዞ ሲያነሳው በሌላኛው ብቻ ይቆማል፤ ያኔ የቆመበት ጉልበት ዕዳ ሁሉ ይሸከማል። ሾት ገብቶ (የተጋጣሚውን እግር ለመያዝ ዝቅ ብሎ ተወርውሮ) ጉልበቱ ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ፣ ተጋጣሚው በላዩ ወድቆ ሲጠመዘዝ፣ ሁለቱም ተጠላልፈው ሲንከባለሉ እግሩ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። አስቦ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ መቆጣጠር ይችል ይሆናል። የሚጎዳው ግን ባላሰበው ነው።

ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ያሳሰበኝ ፊዚዮቴራፒውን ማቆሙ ነው። በዚህ አገር ብዙ ወጣቶች በአራተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ያቋርጣሉ። አንዳንዱ ስለሰለቸው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚከፍልለት የቀጠሮ ቁጥር ስላለቀ ነው፤ የእናንተም ይህ ከሆነ መውጫ አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ በወር አንዴ ብቻ እያየው፣ በተረፈ የጂም ፕሮግራም እንዲሰጠው ጠይቁ። ብዙ ሃይስኩሎች አትሌቲክ ትሬነር አላቸው፤ የዕለት ተዕለቱን ክትትል እነሱ ማገዝ ይችላሉ። የሚያሳዝነው ከስድስት ወር በኋላ ያለው ሥራ ዋነኛው ሥራ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለመራመድ ናቸው። ለመታገል የሚያዘጋጀው ቀጣዩ ምዕራፍ ነው፤ ልጅዎ የዘለለውም እሱን ነው።

ዝግጁ መሆኑ የሚታወቀው በፈተና ነው። የጭኑ የፊት ጡንቻ በመሣሪያ ይለካል፤ ከጤነኛው እግር ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ 90 በመቶ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጤነኛ የምንለውም እግር በእነዚህ ወራት ደክሟል። ስለዚህ 90 በመቶው ሊያታልል ይችላል፤ ከሰውነቱ ክብደት አንጻርም ይታይ። በአንድ እግር የመዝለል ፈተናዎች አሉ፤ ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለመታጠፉ ይታያል። ስለ ፍርሃቱ የሚጠይቅ መጠይቅም አለ። የሚፈራ ልጅ እግሩን ሲሰስት ሌላ ቦታ ይጎዳል፤ ምንም የማይፈራ ደግሞ ቶሎ ይቸኩላል።

ጅማቱ ከየት እንደተወሰደም ይጠይቁ። ከጉልበት ሎሚው ሥር ከሆነ መንበርከክ ለረጅም ጊዜ ሊያምመው ይችላል፤ ሬስለር ደግሞ ግማሽ ዕድሜው በጉልበቱ ነው። ከጭን ኋላ ከሆነ እግሩን ወደ ኋላ የሚያጥፍበት ኃይል ይቀንሳል፤ በእግሩ ተጋጣሚውን ጠልፎ ለመያዝ የሚፈልገው ያንኑ ጡንቻ ነው። ልምምዱ እንደየሁኔታው ይለያያል። ሜኒስከሱም (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ልም አጥንት) አብሮ ተሰፍቶ ከሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ስላላየሁ በዚህ ላይ የመጨረሻው ቃል የሐኪሙ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ። ከ157 ወደ 144 ማለት 13 ፓውንድ ነው፤ ከሰውነቱ 8 በመቶ በላይ። የሃይስኩል ደንብ ይህን እንዲሁ አይፈቅድም። ሲዝኑ ሲጀምር መጀመሪያ ሽንቱ ታይቶ ሰውነቱ ውኃ እንዳልጎደለው ይረጋገጣል። ከዚያ የሰውነቱ ስብ ይለካል። ለወንድ ልጅ ዝቅተኛው 7 በመቶ፣ ለሴት 12 በመቶ ነው። በሳምንት መቀነስ የሚቻለውም ከክብደቱ 1.5 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ እናስላው። 157 ፓውንድ ሆኖ ስቡ 10 በመቶ ቢሆን፣ የሚፈቀድለት ዝቅተኛ ክብደት 152 ገደማ ነው። 144 የሚፈቀድለት ስቡ 15 በመቶ አካባቢ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያኔም ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። የላስቲክ ልብስ፣ ሳውናና ሽንት የሚያሸና ኪኒን ጭራሽ የተከለከሉ ናቸው።

ክልከላው ከባዶ አልመጣም። በ1997 ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ፣ ከአንድ ወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት አሜሪካውያን የኮሌጅ ሬስለሮች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ሞተዋል። በሙቀት ውስጥ፣ ላብ በሚያወጣ ልብስ፣ ውኃ ሳይጠጡ ሲሠሩ ነበር። ጠንካራ፣ ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። የኮሌጅም የሃይስኩልም ደንብ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያ የላስቲክ ልብስ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። በዚህ ላይ ድርድር አያስፈልግም። ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ አይቡፕሮፌን መዋጥ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ጉልበቱ ሲያብጥ ተደብቆ ይውጥ እንደሆነ ይጠይቁት።

ለልጅዎ ከሁሉም በላይ ቢገባው የምመኘው ግን ይህ ነው። የተጎዳው እግሩ ጡንቻ ቀንሷል። ያንን ጡንቻ መልሶ ካልገነባ ጅማቱን የሚጠብቅለት የለም። ጡንቻ ደግሞ ክብደት አለው። በትክክል ካገገመ ክብደቱ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም። በረሃብ ላይ ጡንቻ አይገነባም፣ ጅማትም አይጠናም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም፤ አንዱን መምረጥ አለበት። "እዚያ ማንም አይችለኝም" የሚለውም ስሌት የተሳሳተ ነው። 144 ላይ የሚጠብቁት ልጆችም እንደ እሱ ከላይ የወረዱ ናቸው። እነሱ ግን ሁለት ጤነኛ ጉልበት አላቸው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያነሳ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ልክ ሲዝኑ ሲጀምር። ዐቢይ ጾምም ብዙውን ጊዜ ከስቴት ውድድሩ ጋር ይገጥማል። ልጅዎ የሚጾም ከሆነ መጾሙ በራሱ ማገገሙን አያበላሽበትም። የሚያበላሸው ጾሙን ክብደት መቀነሻ ካደረገው ነው። በዚህ ክብደቱ በቀን ከ115 እስከ 140 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከለውዝና ከቶፉ ሊያገኘው ይችላል፤ ግን ሳህኑ ከወትሮው በጣም መሙላት አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ ልምምድ መግባቱ ግን አይሆንም። በማገገም ላይ ያለ ሰው ስለሆነ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግረው ቢወስኑ መልካም ነው።

"ተጎድቶ ትልቅ ደረጃ የደረሰ አለ?" ላሉት፣ አዎ፣ ብዙ አሉ። ለልጅዎ የምነግረው የሕንዳዊቷን የቪነሽ ፎጋትን ታሪክ ነው፤ ጉልበቱም ክብደቱም አንድ ላይ ያሉበት ስለሆነ። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ላይ ጉልበቷ ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣች። በ2018 ጃካርታ ላይ በእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደች። በ2023 እንደገና ኤሲኤሏ ተጎድቶ ኦፕራሲዮን አደረገች። ለፓሪስ ስትዘጋጅ የለመደችው የ53 ኪሎ ምድብ በሌላ የአገሯ ልጅ ስለተያዘ ወደ 50 ኪሎ ወረደች። ኦገስት 2024 ፓሪስ ላይ በመጀመሪያው ግጥሚያ ጃፓናዊቷን ዩይ ሱሳኪን አሸነፈች። ሱሳኪ እስከዚያ ቀን በዓለም አቀፍ መድረክ ተሸንፋ የማታውቅ ነበረች። ቪነሽ በዚያው ቀን ፍጻሜ ደረሰች። በኦሎምፒክ ግን ተወዳዳሪው በሁለቱም ቀን ጠዋት ይመዘናል። ሌሊቱን ሙሉ ላብ ስታወጣ አደረች፤ ፀጉሯን እስከ መቁረጥ ተደረሰ። ጠዋት ሚዛኑ ላይ 100 ግራም በለጠች። ከውድድሩ ተሰረዘች፣ ደረጃዋም የመጨረሻ ሆኖ ተመዘገበ። ይግባኟም አልተሳካም። ሁለት ጊዜ ከጉልበት ጉዳት ተነስታ ፍጻሜ ደርሳለች። ሜዳሊያውን ያሳጣት ሚዛኑ ነው።

ልጅዎ እዚህ ላይ "እሷ ከዓመት በፊት ተመልሳ የለ?" ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ነው የተመለሰችው። ግን የበሰለች አዋቂ ናት፤ ሥራዋ ይህ ብቻ ነበር፤ በየቀኑ የሚከታተሏት ባለሙያዎችም ነበሯት። ዳግም የመበጠስ ዕድሉ ከሁሉም የሚበዛው በልጅዎ ዕድሜ ባሉት ላይ ነው።

ወደ ላይ መውጣትም መንገድ ነው። ጆርዳን ቡሮውስ በ2012 ለንደን በ74 ኪሎ ወርቅ አገኘ። በ2016 ሪዮ ላይ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። በ2021 በአሜሪካ ማጣሪያ ተሸንፎ ቶኪዮ ሳይሄድ ቀረ። ያኔ 32 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። እሱ ግን ወደ 79 ኪሎ ወጣና በዚያው ዓመትና በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የሰፈራችሁ ልጅ የምትባለውን ሄለን ማሩሊስንም ልጥቀስ፤ ያደገችው ሮክቪል ነው። ለ2012 ኦሎምፒክ ማጣሪያውን አላለፈችም። በ2016 ሦስት ጊዜ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን የነበረችውን ሳኦሪ ዮሺዳን ፍጻሜ ላይ አሸንፋ፣ ለአሜሪካ የመጀመሪያውን የሴቶች ሬስሊንግ ወርቅ አመጣች። በ2018 ጭንቅላቷ ተመትቶ ለረጅም ጊዜ ተቸገረች፤ ከውድድርም ራቀች። ቶኪዮ ላይ ነሐስ፣ ፓሪስ ላይም ነሐስ ወሰደች። ብትቸኩል ኖሮ እነዚህን ሁለት ሜዳሊያዎች ማየቷን እጠራጠራለሁ።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ፣ ልጅዎን የሚያስቸኩለው እሱ ስለሆነ በግልጽ መነጋገር አለብን። በአሜሪካ የወንዶች ሬስሊንግ ያላቸው የዲቪዥን አንድ (የከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ኮሌጆች ከ80 ያንሳሉ። ለብዙ ዓመታት አንድ ቡድን መስጠት የሚችለው 9.9 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ ያም ለ30 ያህል ልጆች ይከፋፈላል። ከ2025 ወዲህ ደንቡ ቢላላም ገንዘቡ ያለው ሁሉም ኮሌጅ አይደለም። ሙሉ ክፍያ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ዲቪዥን ሦስት ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፤ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ግን ጥሩ እርዳታ ይሰጣል። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ይህን በር ሳያንኳኳ ያልፈዋል። ስለዚህ ልጅዎ በዚህ መኸር ሊሠራ የሚገባው ሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው። የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ግጥሚያዎቹን ቪዲዮ ቆራርጦ ለኮሌጅ አሰልጣኞች ይላክ። ኦፕራሲዮን ማድረጉን፣ መቼ እንደሚመለስም ሳይደብቅ ይጻፍ። አሰልጣኞች ኤሲኤል የተጎዳ ልጅ ማየት ብርቃቸው አይደለም፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይወዳደር በልምምድ ብቻ እንዲያሳልፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሁለት ጊዜ የተበጠሰበትን ልጅ ግን ለመውሰድ ያመነታሉ።

አባቱ "ይተወው" ማለታቸው ከፍቅር ነው። ግን በግድ ማስተው ሌላ ጉዳት አለው። ለሦስት ዓመት ማንነቱ ሆኖ የቆየን ነገር በአንድ ጊዜ ያጣ ወጣት ሊጨልምበት ይችላል፤ ወይም ተደብቆ ይታገላል። ምግብ መደበቅ፣ ከሰው መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ካዩ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከቡድኑ አይለይ። ልምምድ ቦታ ይገኝ፣ ግጥሚያ ይቅረጽ፣ ለታናናሾቹ ያሳይ። ቁጭ ብሎ ማየትም ያስተምራል፤ ጥሩ ሬስለር ተጋጣሚውን ማንበብ የሚለምደው እንዲያ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ቀዶ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ያሲዙ፤ ፊዚዮቴራፒውም ይቀጥል። እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ምንም ዓይነት እውነተኛ ትግል የለም። ባለሙያው ሲፈቅድለት ብቻውን አቋቋምና እንቅስቃሴ ይለማመድ፤ ቀጥሎ ከማይቃወመው ጓደኛ ጋር፣ ከዚያ በተወሰነ ሁኔታ፣ በመጨረሻ በሙሉ ኃይል። ፈተናዎቹን ካላለፈ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይሂድ። ካለፈ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ በ157 ወይም በ165 ጥቂት ግጥሚያ ሊሞክር ይችላል። እኔ ግን የሃይስኩሉን ሲዝን ጨርሶ እንዲያልፈው እመርጣለሁ። በጸደይ ወደ ፍሪስታይል (በኦሎምፒክም ወደሚደረገው የትግል ዓይነት) ይግባ፤ ጁላይ ላይ ሰሜን ዳኮታ ፋርጎ የሚደረገውን የጁኒየር ብሔራዊ ውድድር ዓላማው ያድርግ። ያኔ ከኦፕራሲዮኑ 16 ወር ይሆነዋል። የኮሌጅ አሰልጣኞችም እዚያ ይገኛሉ። የዕድሜውን ደንብና የስቴቱን ማጣሪያ ከአሁኑ ከአሰልጣኙ ጋር ያጣሩ።

ከልምምድ በኋላ ጉልበቱ ካበጠ፣ ከከዳው ወይም አልዘረጋ ካለ ወዲያውኑ ያቁም፣ ሐኪሙም ይየው። ቀጠሮው ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጅማቱ ከየት ተወሰደ፣ ሜኒስከሱ ተነክቷል ወይ፣ የጭኑ ጡንቻ ጥንካሬ በመሣሪያ የሚለካው መቼ ነው። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉና አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ይስጡ።